ወፍ የነገረችን

«ጠቋሚ» የሚለው ቃል ለጆሯችን ይጎረብጣል። በደርግ ዘመን በጎረቤት ጥቆማ ልጁን ያጣ ቤት ባለበት አገር ቃሉ ቢጠላ አይገርምም። ዳሩ ግን ቃሉን ስንሸሽ የደካሞችን አቤቱታም አብረን ሸሸን።

ውርጌሳ ላይ የማውቃቸው አንዲት አሮጊት እናት አሉ። የደም ግፊት አለባቸው፤ የጤና መድን መዋጯቸውን ሳያጓድሉ ይከፍላሉ። በአካባቢው ካሉት ጤና ተቋማት በአንዱ መድኃኒታቸው ሰኞ ገባ ተባለ፤ ሐሙስ በልጅ ልጃቸው ተደግፈው ሲደርሱ «አልቋል» ተባሉ። እንዲህ ሲሆን ሦስተኛ ወሩ ነው። ልጁ ልጠይቅ ቢል፣ «ተው ልጄ፤ ነገም የምሄደው እዚያው መስኮት ነው» አሉት።

የነገሩ ሥር እዚህ ላይ ይመስለኛል። ሕመምተኛ የሚሰጠው እጅ ነገ እንዳይታጠፍበት ይፈራል። በምዕራቡ ዓለም የአረጋውያን መጦሪያዎችም ሽማግሌው የሚያጎርሰውን እጅ መክሰስ ይከብደዋል፤ ስለዚህ በብዙዎቹ እንደ ሞርፊን ያሉ ማስታገሻዎች ፈረቃ በተቀየረ ቁጥር በሁለት ነርሶች ፊት ይቆጠራሉ። እኔ በምሠራበት ባንክም ካዝና በአንድ ሰው ቁልፍ አይከፈትም፤ ይህን እንደ ስድብ የቆጠረ ባልደረባ አላየሁም።

በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 መግቢያ ጦርነቱ ሰሜን ወሎ ሲደርስ የጤና ተቋማት መድኃኒት ተዘረፈ፤ ሁላችንም ጮኽን። ያለ ተኩስ፣ በኪስ ለሚወጣውም የሚመሰክር ወረቀት አለ። መድኃኒት በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ ቀሪው በቢን ካርድ ይመዘገባል። እንግዲህ ጠያቂው የማንንም ስም ማንሳት አያሻውም፤ «በዚህ ቀን ገባ፣ በዚህ ቀን አልቋል ተባልን፤ ይቆጠርልን» ማለት ይበቃዋል። መድኃኒቱ በእውነት አልቆ ከሆነም፣ ያለ ጥፋቱ የሚታማው ባለሙያ ስሙ ይነጻለታል።

አባቶቻችን አውጫጭኝ ሲቀመጡ፣ ያየ ሰው ስሙ ተሰውሮ ቃሉ በ«ወፍ» ስም ይሰማ ነበር። ዛሬም አዋጅ ቁጥር 699/2003 ለከባድ ወንጀሎች ጠቋሚዎች ከለላ ደንግጓል፤ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በነፃ የስልክ መስመር 8482 ጥቆማ ይቀበላል። ለአንዲት አሮጊት ክኒን ግን የቅርቡ ከለላ ብዙ ሆኖ መጠየቅ ነው።

ልጁ መርሳ ለሚገኘው የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አጭር ደብዳቤ ጻፈ። ቀኖቹ አሉበት፤ የተከሰሰ ሰው የለበትም። ያንኑ መድኃኒት የሚወስዱ ሰባት ሰዎች ፈረሙበት። የእርሳቸው ስም አራተኛው ነው፤ ከመሐል።