«ሰባት ሰዓት ሙሉ የማን ቤት ነበርክ?»

ትዳር የሚያፈርሰው ሁልጊዜ ውሽማ አይደለም። አንዳንዴ የአውሮፕላን ቲኬትም ያፈርሳል። በቅርብ የማውቃት ሴት በዚሁ ሰበብ ከባሏ ልትለያይ ምንም አልቀራትም ነበር።

ባል ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ይሄዳል። ቲኬቱ መነሻ 22፡30፣ መድረሻ በማግስቱ 08፡00 ይላል። ሚስት ቁጭ ብላ ቆጠረች፤ 9 ሰዓት ተኩል። ሰዓቱ ሲሞላ ደወለች፣ ዝግ ነው። ደገመች፣ ዝግ ነው። ከ7 ሰዓት በላይ ቆይቶ እሱ ሲደውል «የማን ቤት ነበርክ?» ብላ ጀመረች። ቢምል ቢገዘት ማን ሰምቶት! ነገሩ ሽማግሌ እስከ መላክ ደረሰ።

ቲኬቱን ይዛ እኔ ዘንድ መጣች። ለሷ ያልኳትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

ቲኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት የየአገሩ ነው። መነሻው በኛ፣ መድረሻው በነሱ። ዋሽንግተን ከኛ ወደ ኋላ ናት፤ እነሱ ሙቀት ሲሆንላቸው በ7፣ ብርድ ሲገባባቸው በ8 ሰዓት። ጉዞው በሙቀቱ ወራት ስለነበር 9 ሰዓት ተኩሉ ላይ 7 ይደመራል፤ 16 ሰዓት ተኩል። የጠፋው 7 ሰዓት እዚህ ነው እንጂ ሴት ቤት አይደለም!

«የመመለሻውስ? 11፡00 ተነስቶ በማግስቱ 07፡00 ይገባል፤ 20 ሰዓት?» አለችኝ። ሲመለስ ደግሞ 7ቱ ይቀነሳል፤ 13 ሰዓት ነው።

አንዱ መንገድ ሲሄዱ ለምን ይረዝማል? ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን ደለስ በቀጥታ 11,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሲሄዱም ሲመለሱም ያው። ቦሌ ግን ከባህር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ቦታ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ አውሮፕላኑ ሰውም ነዳጅም ጢም አድርጎ መነሳት ይቸግረዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ደለስ ዝቅተኛ ቦታ በመሆኑ ሞልቶ ተነስቶ ሳያርፍ ይመጣል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስም ከኋላ ይገፋዋል።

ሌላም ወጥመድ አለ። ቲኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። 22፡30 ማለት ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ቅዳሜ 00፡30 የሚል ካያችሁ ደግሞ በኛ አነጋገር ዓርብ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ነው። ቅዳሜ ማታ ሻንጣ ይዞ ቦሌ የሚሄድ ሰው አውሮፕላኑ ጥሎት ከሄደ ቆይቷል።

እንግዲህ ተጓዥ ሆይ፣ ከመሄድህ በፊት «በእናንተ ሰዓት ከቀኑ 9 ሰዓት እደርሳለሁ» ብለህ ለቤተሰብህ በወረቀት ጽፈህ ተው። ከደረስክም በኋላ የፓስፖርትና የሻንጣ ሰልፍ እንዳለ ንገራቸው። ቀሪዋም እህቴ፣ ከመጠርጠርሽ በፊት ደምሪ። ከተደመረም በኋላ የሚተርፍ ሰዓት ካለ፣ ያኔ ጠይቂው!