ሲጋራ ያቆመ ሰው ዳሞታን ለምን ይወጣል?

ሲጋራ ካቆምኩ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። «እንዴት ቻልክ?» ለሚሉኝ መልሴ አጭር ነው፤ በእግሬ። ሶዶ ለዚህ ትመቻለች። ከተማችን ዳሞታ ተራራ ግርጌ ስለሆነች ዳገት ፍለጋ ሩቅ አይኬድም።

የሲጋራ አምሮት ሲነሳ የማያልፍ ይመስላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይበርዳል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ እንኳ አምሮቱን እንደሚያቀዘቅዝ በጥናት ታይቷል። ለእኔ ክፉው ሰዓት ከምሳ በኋላ ያለው ቡና ነው። ስኒው ሲነሳ እኔም እነሳለሁ። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ስደርስ የማስበው ስለ ትንፋሼ ነው።

ግን «ሩጥ፣ ሱሱ ይለቅሃል» የሚለውን ምክር አልቀበልም። ጥናቶቹ ተሰብስበው ሲታዩ፣ ስፖርት ብቻውን ሰውን ለረጅም ጊዜ ከሲጋራ እንደሚያርቅ በቂ ማስረጃ አልተገኘም። ስፖርት የሚያሸንፈው ያችን ክፉ ደቂቃ ነው። የቀረውን ምክር፣ መድኃኒትና ሰው ናቸው የሚሠሩት። የኒኮቲን ማስቲካና ፕላስተር እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አሉ። እኔ በጠየቅኩባቸው ፋርማሲዎች ግን አላገኘሁም። ሲጋራው በየሱቁ አለ።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቦታ ማጨስንና ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ መሸጥን ከልክሏል፤ የፓኮውን 70 በመቶ የሚሸፍን ማስጠንቀቂያም አዟል። ጥሩ ሕግ ነው። ሲጋራውን ከፊታችን ያርቃል። ለማቆም የተነሳውን ሰው ደግፎ የሚይዝ እጅ ግን እዚህ አላየሁም።

በወላይታ ሌላም ነገር አለ። የፕሮቴስታንት እምነት በጸናበት አካባቢ ማጨስ ነውር ነው፤ ስለዚህ አጫሹ ይደበቃል። ተደብቆ ያጨሰ ሰው ተደብቆ ያቆማል፤ ሲመለስበትም ተደብቆ ነው። «በርታ» የሚለው የለውም፤ ምን እንደያዘው የሚያውቅ የለማ! የተራራው መንገድ ከምንም በላይ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። ማለዳ በላብ ተጠምቆ ሲወርድ ያዩትን ሰው ማንም አይጠረጥረውም። «ጎበዝ!» ይሉታል። ለምን እንደሚወጣ ባያውቁም ያበረቱታል።

ሦስት ጊዜ አቁሞ ሦስት ጊዜ የተመለሰበት ጓደኛ አለኝ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንወጣለን። ስለ ሲጋራ ብዙ አናወራም። ያልመጣ ቀን ግን እደውልለታለሁ፤ እኔ ስቀር እሱ ይደውላል። ከዳገቱ ይልቅ ያ ስልክ የያዘን ይመስለኛል።

ለማቆም የሚታገል ሰው ካወቃችሁ ስብከቱን ለጊዜው አቆዩትና «ነገ ጠዋት እንውጣ?» በሉት።