ከሆሣዕና ጋራዥ ደጃፍ

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል ሆሣዕና ስትገባ፣ እንሰቱን ብቻ አትይ፤ የመዶሻውንም ድምፅ አድምጥ።

በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ባትላሜራው ለጀርባ ክቡ ቮልስዋገን አዲስ ፓራፋንጎ ይሠራል። ይህ ዓይነቱ መኪና እ.ኤ.አ. በ2003 መመረቱ ስላበቃ መለዋወጫው እንደ ልብ አይገኝም። ሠራተኛው ልኩን በወረቀት ያነሣል፤ ላሜራውን ይቆርጣል፤ በአሸዋ ከረጢት ላይ በእንጨት መዶሻ ይቀጠቅጠዋል። ላሜራው ሲመታ እየሳሳ ይጎደጉዳል፤ እርሱም በመዳፉ እየዳበሰ ያቃናዋል።

ብረት ሠሪን «ጠይብ» ብሎ መስደብን ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በአዋጅ ከልክለው ነበር። እኔ መምህሩ ግን ተማሪዬን «ካልተማርህ ጋራዥ ትገባለህ» እያልሁ አስፈራራው ነበር። ከዚያ ደጃፍ አፍሬ ተመለስሁ። አንተስ?