ማን ይቅመስ?

ፈረንጆች ስለ ወጥ ቤት ሰው ልብ ወለድ መጻፍና ፊልም መሥራት ይወዳሉ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ ያው ነው። እጁ የሚጣፍጥ ሼፍ ከአሠሪው ጋር ይጣላል፤ ሽርጡን ፈትቶ ይወረውራል፤ ተበድሮ የራሱን ምግብ ቤት ይከፍታል፤ ባንኩ በሩን ሊያሽግበት ጥቂት ቀን ሲቀረው ፊቱ የማይፈታ ሃያሲ ይመጣና አንዲት ማንኪያ ቀምሶ ዓይኑ እንባ ያቀርራል። እኔ ከእነዚህ ሁሉ የምወደው እንግዳው የማይመጣበትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው «ቢግ ናይት» ውስጥ ሁለት ጣሊያናውያን ወንድማማቾች አሜሪካ የከፈቱት ምግብ ቤት ሊዘጋባቸው ሲል፣ ዘፋኙ ሉዊ ፕሪማ ለእራት ይመጣላችኋል ይባላሉ። የቀረቻቸውን ሳንቲም አራግፈው ይደግሳሉ። ፕሪማ የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል። ላሊበላ ላይ ምግብ ቤት ያለው ሰው ይህን ቢያይ «የእኛን ጉድ ማን ነገራቸው?» ሳይል አይቀርም።

እናም ታሪኩን ላሊበላ ወዳለችበት ወደ ላስታ ላመጣው አሰብኩ። ባለታሪኬ ሴት ናት። አዲስ አበባ ከአንድ ትልቅ ሆቴል ማድ ቤት ወጥታ፣ የደረሳትን ዕቁብ ቋጥራ፣ ወደ ተወለደችበት ላሊበላ ትመለሳለች፤ ስድስት ጠረጴዛ ትዘረጋለች። ስም አላወጣሁላትም። (በእኛ አገር ድግሱ እንጂ ደጋሿ መች በስሟ ስትወሳ ሰማን?) ደጋው አያስቸግራትም። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላልና፣ ከኔፕልስ የመጣ ሰው ቢሆን ፓስታውን ሲጠብቅ ይነጋበት ነበር፤ እሷ ግን ሽምብራ ከማታ እየዘፈዘፈች ነው ያደገችው። የሚያስቸግራት ታኅሣሥ ነው።

ቱሪስቱ የሚጎርፈው በበጋው፣ በተለይም ገና ሲቃረብ ነው። እሷ ደግሞ ከኅዳር 15 ጀምራ ጾመ ነቢያትን ይዛለች። እንግዳው ጥብስ ያዛል። ትሠራለታለች፤ አትቀምሰውም። ባየኋቸው ፊልሞች ሁሉ ሼፉ ማንኪያ ነክሮ፣ ከንፈሩን መጥምጦ፣ ጨው ቆንጠር አድርጎ ሲበትን ይታያል፤ ያ ትዕይንት ከሌለ ሼፍነቱን የሚያምንለት የለም። የእኔዋ የምትፈርደው በአፍንጫዋና በጣቷ ነው። ታዲያ ማን ይቅመስላት? እስላም ጎረቤቷን ልትጠራ ነበር፤ ጎረቤቲቱ ደግሞ የክርስቲያን ሥጋ አትበላም። ወሎ ነው፣ ይዋደዳሉ፣ ግን ቢላዋው ሁለት ነው። በስተመጨረሻ የአምስት ዓመት የወንድሟን ልጅ አገኘሁላት። ጾም ገና አልያዘም። ይቀምሳል፤ ጣራ ጣራውን ያያል፤ «አልታወቀኝም፣ ድገሚልኝ» ይላል።

ቅምሻ ለእኛ የጣዕም ጉዳይ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ጠጅ አሳላፊ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለጌታው አያቀርብም ነበር፤ ዋስትናው የራሱ ነፍስ ናት። የማያውቁት እጅ ያሰናዳውን መጉረስ ትልቅ ድፍረት ነው፤ ምግብ ቤት የሚባለው ንግድ በሙሉ የቆመው በዚህ ድፍረት ላይ ነው። እቴጌ ጣይቱ ይህን ሳይረዱት አልቀሩም። በ1880 ዓ.ም. መስከረም ለእንጦጦ ማርያም ምረቃ ያሰናዱት ግብር እስከ ዛሬ ይወራል። በ1900 ዓ.ም. ግድም ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ግን ሰው ጠፋ ይባላል። ግብር መብላት የለመደ መኳንንት ከኪሱ አውጥቶ መብላት ነውር ሆነበት። ምኒልክ ሄደው በሉ፤ ሒሳብም ከፈሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላውም ደፈረ። እንደኔ ከሆነ ጃንሆይ የዚያን ቀን ደንበኛ አልነበሩም፤ ቀማሽ ነበሩ።

ላስታ ግን ቅምሻን ከሸዋ አልተማረም። የንጉሥ ላሊበላ ገድል እንደሚለው፣ ላሊበላ ገና ሳይነግሥ፣ የሚነግሥ መሆኑ ያላስደሰታት እኅቱ መርዝ አሰናድታ በመጠጥ ሰጠችው። እንደ ወጉ ዲያቆኑ ቀድሞ ቀመሰ፤ ሞተ። ከዲያቆኑ አፍ የወጣውን ውሻ ላሰ፤ ውሻውም ሞተ። ላሊበላ ይህን ሁሉ በዓይኑ እያየ ጽዋውን አንሥቶ ጠጣ፤ ስለ እሱ ሌላ ሞቶ እሱ መቅረቱ አልሆንልህ ብሎት ነው። ሦስት ቀን እንደ በድን ወደቀ። በዚያ ሦስት ቀን መላእክት ወደ ሰማይ አወጡት፤ ከአለት የሚፈለፍላቸውንም አብያተ ክርስቲያናት አሳዩት።

አስጎብኚ ይህን ሲተርክ ወደ ሰማዩ ይቸኩላል። እኔን የሚይዘኝ ማጀቱ ነው። አሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት፣ እ.ኤ.አ. በ1978 የዩኔስኮ መዝገብ ላይ መግባታቸው፣ አውሮፕላን ማረፊያው፣ ሆቴሎቹ፣ የባለታሪኬ ስድስት ጠረጴዛዎች ሁሉ የሚመዘዙት ከአንዲት ሴት ጓዳ ነው። ያቺ እኅት የዚያን ዕለት ደኅና ጠላ ቀድታ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ለመርዘኛ ጥብቅና መቆሜ አይደለም፤ ሙያዋን ግን ልብ በሉልኝ። መርዝ ያለበት መጠጥ ካልጣፈጠ ይተፋል። ዲያቆኑ መጀመሪያ ነገር ዋጠው። በላስታ ታሪክ ውስጥ እጇ የሠራው ነገር ይህን ያህል ውጤት ያመጣ ሌላ ሴት አላውቅም፤ ስሟን ግን ከአስጎብኚ አፍ ሰምቼ አላውቅም። ዲያቆኑም ቢሆን ያው ነው። ለመርቆሬዎስ ተፈልፍሏል፣ ለአባ ሊባኖስ ተፈልፍሏል፣ ለጊዮርጊስማ የሁሉም ቁንጮ ተፈልፍሏል፤ ለቀማሹ አንዲት ቀዳዳ እንኳ የለችም። ውሻውን ላንሣው ብል ደግሞ ቄሶቹ ይቆጡኛል።

ሥራው ሲሠራም ሰው ቀን ይፈለፍል ነበር፤ ሌሊት መላእክት ይቀጥሉ ነበር ይባላል። መላእክቱስ አይበሉም። ለቀን ሠራተኛው በሶውን ማን በጠበጠ? ቆሎውን ማን ቆላ? ከአለቱ ሥራ መካከል ቤተ ልሔም አለ፤ ግን እዚያ የሚጋገረው ለቅዳሴ ነው፤ ጋጋሪዎቹም ወንዶች ናቸው። ወንድ ሲጋግር ከአለት ይታነጽለታል፤ ሴት ስትጋግር ጭስ ቤት ይበቃታል። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፤ ባለታሪኬ ሃይማኖተኛ ስለሆነች አትልም።

እሷን የሚያሳስባት ሌላ ነው። ተፎካካሪዋ ከተማው በሙሉ ነው። ለገና ከየአገሩ በእግሩ የመጣውን ምእመን የላሊበላ ሰው እግሩን አጥቦ፣ እንጀራ አቅርቦ፣ ጠላ ቀድቶ ያሳድረዋል፤ ሳንቲም አይጠይቀውም። በነፃ ከሚያበላ ጎረቤት ጋር በዋጋ የሚወዳደር ማን ነው? ስለዚህ ዓይኗ ፈረንጅ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ እውነቱ ልብ ወለዱን ቀድሞታል። ስኮትላንዳዊቷ ጡረተኛ መምህር ሱዛን ኤችሰንና የአገሩ ልጅ ሀብታሙ ባዬ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቤን አበባ የተባለውን ምግብ ቤት ከከፈቱ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል፤ ሕንፃው ሊበር የተነሣ ነው የሚመስለው። ያቀርቡት ከነበረው አንዱ በስኮቶች አገር የእረኛ ምግብ የሚባል፣ የተፈጨ ሥጋ ላይ ድንች ተደምድሞበት የሚጋገር ነው። ከታች በሸለቆው ፍየል የሚጠብቀው እረኛ ምሳው ቆሎ ነው። አንዱ የእረኛ ምግብ ይበላል፣ አንዱ እረኛ ነው። እንዲህ ያለውን እኔ ብፈጥረው አጋነነ እባል ነበር።

ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ሃያሲው መምጣት አለበት። ግን በ2012 ኮሮና መጣ፤ በ2013 ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ከተማው ገባ፤ መብራት ለወራት ጠፋ፤ ከ2015 ማብቂያ ወዲህ ደግሞ የአማራ ክልል ግጭት አለ። አውሮፕላኑ ሲቆም ፕሪማም አብሮ ይቀራል። ምእመኑ ግን ይመጣል፤ መንገድ ሲዘጋ በዱር፣ በዱሩ ሲያቅት በገደል ይመጣል። ባለታሪኬም ያላትን ጤፍ ጋግራ፣ ያላትን ሽሮ ሠርታ ተቀመጠች።

እናም ገና ካለፈ በኋላ አንዲት አሮጊት በሯ ላይ ደረሱ። መንገዱ አስቸግሯቸው ዘግይተዋል፤ ለእንግዳ የተዘረጋው ሁሉ ተነሥቷል። «ግቡ እማማ» አለቻቸው። ጠረጴዛውን ትተው መደቡ ላይ ተቀመጡ፤ ሽሮውን ጥርግ አድርገው በሉ፤ እጃቸውን ታጥበው ተነሡ። «እጅሽ ይባረክ፣ ቤትሽ አይጉደል፣ የላሊበላ አምላክ ያክብርሽ» እያሉ መረቋት። የሞቱ ዘመዶቿን ሳይቀር በየስማቸው ጠይቀው መረቁ። ከዚያ ምርኩዛቸውን አንሥተው ቁልቁል ወረዱ። ዋጋው ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል። አሜን ብላ ትቅር ወይስ ተከትላ ትሩጥ፣ እኔና እሷ እስካሁን አልተስማማንም።