ቤታችን የት ነው?

ባለፈው ቅዳሜ መካኒሳ አቦ ቤታችን ሳምቡሳ እየጠበስኩ ስልክ ጠራ። አንስቼ ስመለስ የመጥበሻው ዘይት ተቀጣጥሏል። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ውሃ በጆግ ይዛ እየሮጠች መጣች። «እንዳትደፊው!» ብዬ ጮህኩ። የሚነድ ዘይት ላይ ውሃ ሲደፋ ነበልባሉ ይረጫል። ስቶቩን አጥፍቼ መጥበሻውን ከደንኩት፤ እሳቱ ታፍኖ ጠፋ።

ማታ ልጄ «እሳት አደጋ ብንጠራ ኖሮ ቤታችን የት ነው እንላለን?» አለችኝ።

«መካኒሳ አቦ።»

«ከዚያስ?»

መልስ አጣሁ። እንቅልፍም እምቢ ሲለኝ፣ ስለ አንድ የለንደን ሕንፃ ያነበብኩት ትዝ አለኝ። ቺልተርን ፋየርሃውስ ይባላል፤ በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1889 የተሠራ የእሳት አደጋ ጣቢያ ነበር። በኋላ ታዋቂ ሰዎች የሚያዘወትሩት ሆቴል ሆነ። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ከፒዛ ምድጃ የወደቀ የሚነድ እንጨት እሳት አስነሳ፤ እሳቱም በጭስ ማውጫው በኩል ሽቅብ ወጥቶ እስከ ጣሪያው ደረሰ። 125 ያህል የእሳት አደጋ ሠራተኞች ተረባረቡ። ስንቱን ቤት ለማዳን ሲወጣበት የኖረው ጣቢያ በተራው አዳኝ ፈለገ።

እኛም ይህን እናውቀዋለን። ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. ፒያሳ የሚገኘው ጣይቱ ሆቴል ሲቃጠል ያልደነገጠ የአዲስ አበባ ሰው አልነበረም። ግን ጣይቱን ማን ያጣዋል? «ጣይቱ ሆቴል» ማለት ይበቃል። የእናንተንና የእኔን ቤት ግን አቅጣጫውን ካልነገርነው በስተቀር ማንም አያውቀውም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከልጄ ጋር ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ተነስተን መታጠፊያዎቹን እየቆጠርን እስከ ደጃችን ሄድን። ዘወትር የምንመላለስበት አቋራጭ ለእሳት አደጋ መኪና እንደማይበቃ ያን ጊዜ አስተዋልን። ስለዚህ በሰፊው መንገድ ዞረን እንደገና ቆጠርን። ልጄ መታጠፊያዎቹን፣ የሱቁን ምልክትና የበራችንን ቀለም በወረቀት ጻፈች። ከላይ የአዲስ አበባ እሳት አደጋን ነፃ የስልክ ቁጥር 939ን በትልቁ ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፈችው። ከዚያ እኔ ስልክ ተቀባይ ሆንኩ፣ እሷ ደዋይ። በሦስተኛው ሙከራ ሳትደናገር ጨረሰችው።

እናንተም ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ልጆቻችሁን «ቤታችን የት ነው?» በሏቸው። መልሳቸው የሰፈር ስም ላይ ካቆመ፣ እሁድን አትጠብቁ፤ ነገውኑ አብራችሁ ውጡ።