ነፋስ በእናቴ እጅ

ስለ ቪዲዮ ጌም እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ቦንጋ የተወለደ ሰው ብዕር ሲያነሣ ስለ ቡና ወይም ስለ ጫካ እንዲጽፍ ይጠበቅበታል፤ እኔም እስከ ዛሬ ከዚያ አልወጣሁም። አሁን የማወራችሁ ግን በአንድ ክረምት ቤታችን ስለ ገባ፣ ከአጭር ልብ ወለድ ስለማይረዝም ጨዋታ ነው።

ስሙ ሎስትዊንድስ ነው፤ “የጠፉ ነፋሳት” እንደ ማለት። በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ የሚገኘው ፍሮንቲየር ዴቨሎፕመንትስ የተባለ ድርጅት ሠርቶ በግንቦት 2000 ዓ.ም. አወጣው። በዲስክ ተቀርጾ በሱቅ የሚሸጥ አልነበረም፤ ዊ የተባለው የኒንተንዶ መጫወቻ ያላቸው ሰዎች በኢንተርኔት ገዝተው ያወርዱት ነበር። ኒንተንዶ እንዲህ ላሉ ጨዋታዎች የፈቀደው መጠን ከ40 ሜጋባይት አይበልጥም ነበርና ሠሪዎቹ ማሳጠር ግድ ሆኖባቸዋል። የለመደ ተጫዋች በሦስት ወይም በአራት ሰዓት ይጨርሰዋል። እኛ ሦስት ሳምንት ፈጀብን፤ ግማሹ የመብራት መጥፋት፣ ግማሹ የእናቴ ጥንቃቄ ነበር።

ባለታሪኩ ቶኩ የሚባል ትንሽ ልጅ ነው። በዚህ ዓይነት ጨዋታ ጀግና ማለት የሚዘል ማለት ነው፤ ማሪዮን ያየ ያውቀዋል። ቶኩ ግን መዝለል አይችልም። ከፍ ያለ እርከን ካጋጠመው ቆሞ ይቀራል። የሚያነሣው ኤንሪል የተባለ የነፋስ መንፈስ ነው፤ ያ መንፈስ ደግሞ ያለው በተጫዋቹ እጅ ነው። በአንድ እጅ ልጁን ታራምዳላችሁ፤ በሌላው እጅ በያዛችሁት ሪሞት አየር ላይ መስመር ትስላላችሁ፤ በሳላችሁበት አቅጣጫ ነፋስ ይነሣል። ወደ ላይ ከሳላችሁ ልጁ እንደ ቅጠል ይንሳፈፋል። መስመሩን አጣጥፋችሁ ካስረዘማችሁት እሳት ከችቦ ላይ ተነሥቶ በዚያው መስመር ይፈስስና መንገድ የዘጋውን ተክል ያቃጥላል። ሁለተኛ ሰው ካለ ሥራውን መከፋፈል ይቻላል፤ አንዱ ልጁን፣ ሌላው ነፋሱን ይይዛል።

በግእዝ ነፋስም፣ ነፍስም፣ መንፈስም ከአንድ ሥር የበቀሉ ናቸው፤ እህል ማናፈስም ዘመዳቸው ነው። የካምብሪጆቹ ሰዎች ይህን ያውቃሉ ብዬ አልጠረጥርም። ጨዋታቸው ግን የሚያውቅ ይመስላል።

ዊውን ያመጣው የወንድሜ ልጅ ነው። ወንድሜ ወደ ጀርመን ከሄደ በ2001 ዓ.ም. ዐሥራ አንደኛ ዓመቱ ነበር። የመኖሪያ ፈቃዱ ጉዳይ አላለቀምና ከአገር ቢወጣ መመለሻ አልነበረውም፤ ስለዚህ የዘጠኝ ዓመት ልጁን ከአንዲት የቤተሰብ ወዳጅ ጋር ላከልን። እኔ አዲስ አበባ ተቀብዬው በጅማ በኩል በአውቶቡስ ይዤው መጣሁ። ከእኔ አማርኛ “ሰላም” እና “እሺ” ብቻ ያውቃል፤ ከእርሱ ጀርመንኛ እኔ ምንም አላውቅም። ጎጀብን ተሻግረን ዳገቱን ስንያያዝ፣ ጉም የለበሰውን ጫካ በመስኮት እያየ “ሚስትራሊስ” አለ። የጀርመን ከተማ መስሎኝ ራሴን ነቀነቅሁ። የቶኩ አገር ስም መሆኑን ያወቅሁት ከሳምንት በኋላ ነው።

ያ ሳምንት ከባድ ነበር። እናቴ ማር አቀረበች፤ አልበላም። ቆጮ አቀረበች፤ አሸተተና መለሰ። በካፊኖኖም በአማርኛም ሞከረችው። ማታ ማታ ጓዳ ገብታ “የልጄ ልጅ እንግዳ ሆኖብኝ ቀረ” እያለች ስታጉረመርም እሰማ ነበር። በስምንተኛው ቀን ልጁ ሻንጣውን ከፍቶ ነጩን ሣጥን አወጣና ገመዶቹን ከአሮጌው ቴሌቪዥናችን ጋር አገናኘ፤ ቀዩን በቀይ፣ ቢጫውን በቢጫ። ከዚያ ሻንጣውን ገለበጠ። እንደገና ገለበጠ። ተቀምጦም አለቀሰ።

ለወንድሜ ደወልን። የጎደለው ሴንሰር ባር የሚባለው ዘንግ ነበር፤ እቤት ረስቶታል። ወንድሜ ጥቂት አሰበና “ሁለት ሻማ አብሩ” አለኝ። “ከቴሌቪዥኑ ፊት፣ በአንድ ስንዝር አራርቀህ አቁማቸው።” የቀለደ መሰለኝ።

ቀልድ አልነበረም። ሴንሰር ባር ስሙ ያሳስታል፤ አንዳች ነገር አይለይም። በሁለት ጫፎቹ ዓይናችን የማያየው ኢንፍራሬድ ብርሃን የሚሰጥ ዘንግ ብቻ ነው። የሚያየው ሪሞቱ ነው፤ ጫፉ ላይ ትንሽ ካሜራ አለውና ሁለቱን ብርሃኖች አይቶ ወዴት እንደ ተነጣጠረ ያሰላል። የሻማ ነበልባልም ያንኑ ብርሃን ይሰጣል። በስንዝሬ ለክቼ ሁለት ሻማ አቆምኩ፤ ልጁ ሪሞቱን አነሣ፤ መስተዋቱ ላይ ነፋስ ተነሣ።

እናቴ “ልጁ ምን ሆኖ ነው?” ብላ የገባችው በዚህ ጊዜ ነው። ሰፌዷን እንደ ያዘች ነበር፤ ቡና ስታበጥር ነው የሰማችን። ቁጭ ብላ ብዙ አየች። ቶኩ አንድ ገደል ላይ ደጋግሞ ወደቀ። ልጁ ሁለተኛውን ሪሞት ዘረጋላት። “እኔን?” አለች ወደ እኔ ዞራ፤ ከዚያ እጇን በነጠላዋ ጠርጋ ተቀበለችው።

መጀመሪያ ልጁን ከዐለት አላትማ “ዋይ! ገደልኩት!” ብላ ጮኸች። የወንድሜ ልጅ ቦንጋ ከገባ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። “ኖኽማል፣ ኦማ!” አላት፤ እንደገና ማለቱ ነው። ሦስተኛው ላይ ነገሩ ገባት። እኔ አሁንም ያልሆነልኝ እርሷ በአንድ ሰዓት ለመደችው፤ ምክንያቱንም ስጠይቃት ሰፌዱን አሳየችኝ። አብዝተህ ካነሣኸው ፍሬው ከገለባው ጋር ይሄዳል፤ ካሳነስከው ገለባው እዚያው ይቀራል፤ ልኩን እጅ ነው የሚያውቀው አለች። አባቷ አውድማ ላይ ነፋስ ሲጠፋበት በፉጨት ይጠራው እንደ ነበርም ያን ምሽት ነገረችን። ልጁ ቃሉ ባይገባውም ፉጨቱ ገባው፤ ከዚያ በኋላ ቶኩ እርከን ፊት በቆመ ቁጥር እያፏጨ ይጠራት ነበር። እርሷ “ኖኽማል” ማለትን፣ እርሱ “ቀስ” ማለትን ተማሩ።

አንድ ችግር ብቻ ነበር። በሩ በተከፈተ ቁጥር የክረምቱ ነፋስ ገብቶ ነበልባሎቹን ያርገበግባቸዋል፤ ሪሞቱ ዓይኑ ይዋልላል፤ ቶኩም ገደል ይገባል። “በሩን ዝጉት!” ትላለች እናቴ፣ “የውጭው ነፋስ የእኔን ነፋስ አበላሸው!”

አንድ ማታ ወንድሜ ደውሎ ምን እንደምትሠራ ጠየቃት። ስልኩን በትከሻዋ ደግፋ፣ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል “ልጅህን ገደል እያሻገርኩ ነው፤ አትረብሸኝ” አለችው። ሳቀ። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “አንተን የሚያነሣ ነፋስ ግን የለኝም” አለች። ስልኩ ውስጥ ምንም አልተሰማም። ልጁ አፏጨ፤ እርሷም እጇን ወደ ላይ ሰነዘረች።

ልጁ ሲሄድ ሣጥኑን ለእርሷ ትቶላት ሄደ። አንድም ቀን አብርታው አታውቅም፤ ግን አቧራውን ትጠርግለታለች። ወንድሜ ፈቃዱን አግኝቶ የመጣው ከአራት ዓመት በኋላ ነው፤ ስለዚያ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ኒንተንዶ ዊው የሚያወርድበትን ሱቅ በጥር 22 ቀን 2011 ዓ.ም. ዘጋ። ጨዋታው በኋላ በስልክም በኮምፒውተርም ወጥቷል፤ በጣት መስተዋት እየነኩ፣ በማውዝ እየጎተቱ ይጫወቱታል አሉ። ሰፌድ የለመደ እጅ በዚያ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም።

በ2017 ዓ.ም. ክረምት የወንድሜ ልጅ ተመልሶ መጣ፤ ቁመቱ በራችንን ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ሆኗል። ከኪሱ አንድ ጥቁር ዘንግ አወጣ፤ ያኔ የረሳው ሴንሰር ባር ነበር። እናቴ አገላብጣ አየችውና መለሰችለት። ሻማ አምጡልኝ አለች። እጇ አሁን ይንቀጠቀጣል፤ ቶኩም አየር ላይ አብሯት ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልወደቀም። ሁለተኛው እርከን ላይ ሲደርሱ አንድ የጎረቤት ልጅ ሊያይ ገባና ነበልባሎቹ ተርገበገቡ።

“በሩን ዝጉት!” አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ፤ በአማርኛ።