ከአሰቦት እስከ ጭሮ

ለታኅሣሥ 19 ቀን የቅዱስ ገብርኤል ክብረ በዓል ወደ ቁልቢ ስንጓዝ አሰቦትን ያለፍነው በጠራራ ፀሐይ ነበር። አቡነ ሳሙኤል ከዓለም ሁካታ ርቀው በጸሎት የተጋደሉበት ደብረ ወገግ ከመንገዱ ይታያል። እኔ ግን ዐይኔን ከእጅ ስልኬ ሳላነሣ አለፍሁት።

ከሚኤሶ ወዲያ የጨርጨርን ዳገት ወጥተን አሰበ ተፈሪ በመባልም ከምትታወቀው ከጭሮ ስንደርስ፣ አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ልጄ፣ ገዳሙን ተሳለምህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። የምመልሰው አጣሁ። «ግድ የለህም፤ ስለ አንተም ተሳልሜአለሁ» አሉኝ።

በጭሮ ገበያ የጫት ነጋዴዎች ቅጠሉ ሳይጠወልግ ለመሸጥ ይጣደፋሉ፤ ዐይናቸውም ልባቸውም ከእስሩ አይለይም። ለሚጠወልግ ቅጠል ይህን ያህል ልብ ከተሰጠ፣ ለማይጠወልገው ተስፋችን ምን ያህል ይገባ ኖሯል?

ውድ አንባቢ ሆይ፤ ማርታ የተገሠጸችው ስለ ሠራች አይደለም፤ ልቧ በብዙ ነገር ስለ ተከፋፈለ ነው እንጂ። እኛም እምነታችንን በአንድ ቀን አንክድም፤ ደብረ ወገግን እንዳለፍሁት ሁሉ፣ ልብ ሳንለው ጥቂት በጥቂት እናልፈዋለን።

ስንመለስ ስልኬን ዘጋሁ። ተራራው ገና ከሩቅ ሲታይ ተነሥቼ ተሳለምሁ፤ ስለ እኒያም እናት ጸለይሁ።